በቡታጅራ መንገድ መኪና የሌለው ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ ምን ምን ማየት ይችላል?

የሂሳብ መምህሩ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የማስተምር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ አሥራ ሁለት፣ ትንሹ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱም የጢያን ትክል ድንጋይና የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን በቃል አጥንተው ፈተና ላይ ጽፈዋል፤ ቦታዎቹ ከቤታችን ጠዋት ተነሥቶ ማታ ለመመለስ የሚበቁ መሆናቸውን ስነግራቸው ግን አላመኑኝም። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሩቅ አገር ያለ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ወስጄ ላሳያቸው አስቤአለሁ። መኪና የለንም። ከነሾፌሩ ለመከራየት ጠይቄ የተነገረኝ ዋጋ ደግሞ የአንድ ወር አስቤዛችንን የሚያክል በመሆኑ በሕዝብ ትራንስፖርት ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለኝም። ባለቤቴና እናቴም አብረውን ይሄዳሉ። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያም ሆኖ እስከዚያ ድረስ ሄደው ከአለት የተፈለፈለውን የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ መመለስን በፍጹም አይፈልጉም። ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ይቻላል ወይ? ገንዘባችን በዋናነት የሚወጣው በምን ላይ ነው? የስምንት ዓመት ልጅስ ድንጋይ እያየ ሳይሰለች ስንት ሰዓት ይቆያል? መንገዱን የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቡኢ ልጅ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ተወልጄ ያደግሁት ሶዶ ውስጥ ነው፤ አሁንም ወላጆቼን ለመጠየቅ በዚያው መንገድ ስለምመላለስ የትራንስፖርቱን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። በዚህ ጉዞ ኪስ የሚያራቁተው መግቢያው ሳይሆን መንገዱ ነው። ጢያም ሆነ መልካ ቁንጡሬ ከኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው ክፍያ ከውጭ አገር ዜጋው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ መታወቂያ መያዝ ግን አይርሱ። በሌላ በኩል ከአየር ጤና ተነሥቶ ቡታጅራ የሚገባ ሚኒባስ ጢያ ላይ ለሚወርድ ሰው ሂሳብ መቀነስ አይወድም፤ እስከ ቡታጅራ ያለውን ይቀበላል፣ ይህም በአምስት ሰው ሲባዛ ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን እስከ ዓለም ገና በከተማ አውቶቡስ እሄድና ከዚያ ለቡኢ የሚጭን ቅጥቅጥ እፈልጋለሁ። ትንሹን ልጅ ጭንዎ ላይ ማስቀመጥ ከፈለጉ ከመሳፈርዎ በፊት ከረዳቱ ጋር ይስማሙ፤ ከተሳፈሩ በኋላ በሚነሣ ክርክር ረዳት ተሸንፎ አላየሁም።

ከአዲስ አበባ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት መልካ ቁንጡሬን ቢሆንም በመጀመሪያ አይውረዱበት። ቀጥታ ጢያ ይሂዱና እየተመለሱ ይዩት። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። አንደኛው ብርሃኑ ነው። በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች ብዙዎቹ ጥልቀት ስለሌላቸው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላቸውን አጥተው ይደበዝዛሉ፤ ጠዋት ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚያርፍባቸው ጎራዴው ከነእጀታው ጎልቶ ይታያል፣ ልጅም በጣቱ ሊጠቁመው ይችላል። በቀትር መጥተው «ባዶ ድንጋይ አይተን ተመለስን» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የመመለሻው ነገር ነው። ከቡታጅራ የሚመጡት መኪናዎች ከሰዓት በኋላ ጢያን ሞልተው ስለሚያልፉ መንገድ ዳር ቆሞ እጅ ማውለብለብ ብቻ ይተርፍዎታል። እንዲህ ከሆነብዎ ትንሽ ወደ ቡታጅራ አቅጣጫ ሄደው ከቡኢ ይሳፈሩ።

በስፍራው 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በሥራቸው የተደረገው ቁፋሮ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የተቀበሩ፣ እንደ ጽንስ እጥፍ ብለው የተኙ ወጣት ወንዶችንና ሴቶችን አሳይቷል። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ግን «የግራኝ ድንጋይ» ሲሉት ነው የሰማሁት። ግራኝ አሕመድ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነውና፣ መምህር፣ ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው እዚያው ቆመው ያስሉት። ለትንሹ ደግሞ በየድንጋዩ ላይ ስንት ጎራዴ እንዳለ እንዲቆጥር ወረቀትና እርሳስ ይስጡት። የጎራዴው ብዛት የተገደለ ጠላት ብዛት ነው የሚል ትረካ ይነገራል፤ ትርጉሙን በማስረጃ ያረጋገጠ ስለሌለ እንደ ተረት ይስሙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንትና ለአረፋ ሰሞን በዚህ መንገድ ለሽርሽር አይነሡ። የጉራጌና የስልጤ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ ወንበር ማግኘት ራሱ ትግል ነው፣ ታሪፍም አይከበርም። መስቀል ካለፈ በኋላ ያለው የጥቅምት ወር ግን ሜዳው ገና አረንጓዴ ሆኖ ጭቃው የደረቀበት ስለሆነ ከእርሱ የተሻለ ጊዜ የለም።

አፈር ቆፋሪ፦

የቡኢ ልጅ ስለ ጢያ የጻፈውን ሙሉ በሙሉ እስማማበታለሁ። እኔ የአርኪዮሎጂ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ መልካ ቁንጡሬ ደጋግሜ ስለሄድኩ በእርሱ ላይ ጥቂት ልበል፤ ሰዎች ለአሥር ደቂቃ ብቻ ገብተው የሚወጡበት መሆኑም ይቆጨኛል።

ቦታው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ይገኛል። በ1963 እ.ኤ.አ. ለውኃ ጥናት የመጣ ጌሪት ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ነው ድንጋይ መሣሪያዎቹን ልብ ያለው፤ ከዚያ ወዲህ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ በኋላም ጣልያናውያን ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ቆፍረውበታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. «መልካ ቁንጡሬና ባልጭት» በሚል ስም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ቤተሰብዎ በአንድ ቀን ሁለት የዓለም ቅርሶችን በአውቶቡስ ዋጋ ሊያይ ነው፤ ይህ ዕድል ያለው ከተሜ በዓለም ላይ ብዙ አይመስለኝም።

ሙዚየሙ በክብ ጎጆዎች የተከፋፈለ ሲሆን ከልጆች ጋር ሲሄዱ ሁሉንም መግለጫ ለማንበብ አይሞክሩ። ሁለት ነገሮችን ብቻ አስቀድመው ይንገሯቸው። የመጀመሪያው እዚያው ጋርባ በተባለው የቁፋሮ ስፍራ የተገኘው፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው የሕፃን ልጅ መንጋጋ ነው። ሁለተኛው ጎምቦሬ በተባለው ሌላው የቁፋሮ ስፍራ የተገኘው የእግር ዱካ ነው፤ ከ700,000 ዓመታት በፊት ትልልቆችና ሕፃናት በጭቃው ላይ ሲመላለሱ፣ በአቅራቢያቸውም ጉማሬ ሲረግጥ የቀረ ምልክት ነው። ልጆች የመሣሪያውን ዓይነትና ዘመን ወዲያው ይረሱታል፤ እንደ እነርሱ ያለ ልጅ በዚያው ወንዝ ዳር ጭቃ ሲረግጥ እንደነበር ከሰሙ ግን ጥያቄያቸው እስከ ቤት አያቆምም።

«ባልጭት» የሚለው ስምም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ባልጩት የምንለው ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅና ሲሰበር ምላጭ የሚሆን ድንጋይ የሚገኝበት ከፍታ ነው፤ የጥንት ሰዎችም ለመሣሪያቸው ድንጋዩን የሚያመጡት ከዚያ ነበር። በአካባቢው ሲራመዱ ከእግርዎ ሥር ስባሪው ብልጭ ይላል፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ። ልጆቹም ወዲያው ኪሳቸው ውስጥ ሊከቱት ይፈልጋሉ። እንዳይፈቅዱላቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ከቦታው ማንሣት ክልክል ከመሆኑም በላይ ያች ስባሪ ጥቅም ያላት በወደቀችበት አፈር ላይ እስካለች ድረስ ብቻ ነው። እኔ የምወስዳቸው ልጆች በእጃቸው ይዘው አይተው መልሰው እዚያው ያስቀምጡታል፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ቀስ ብለው ይያዙት።

ወለተ ማርያም፦

መምህር፣ ሦስቱን በአንድ ቀን አይሞክሩት፤ እኔ ሞክሬው አይቻለሁ። አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ተገንጥለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገቡበት ስለሆነ የቡታጅራው መኪና መገንጠያው ላይ ጥሎዎት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ በባጃጅ ነው። እኛ በሄድንበት ዕለት ባለባጃጁ «ጠብቄ እመልሳችኋለሁ» ብሎ የደርሶ መልስ ሂሳብ አስቀድሞ ተቀበለን፤ ተሳልመን ስንወጣ ባጃጁም ሰውየውም አልነበሩም። ከአክስቴ ጋር ፀሐይ ላይ በእግራችን ስንኳትን እንጨት የጫነ አይሱዙ ደርሶ አተረፈን። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህ እንዲደርስ አልመኝም። የመመለሻውን ሲመለሱ ይክፈሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ወጥ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ ሰው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ያለም አይመስለውም። ትውፊቱ ቅዱስ ላሊበላ ዝቋላን ሊሳለም በመጣ ጊዜ እንዳሳነፀው ይናገራል። እናትዎ ወደ ታች መውረድ አለባቸውና መቋሚያ ይያዙላቸው፣ እርስዎም በአንድ ወገን ይደግፏቸው። እኛን ለመግባት ገንዘብ የጠየቀን አልነበረም፤ አቅማችን የፈቀደውን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመርን።

እንዲያውም የእናትዎን ለብቻው ቢያደርጉት ይሻላል። ወር በገባ በ21 የእመቤታችን ቀን ስለሆነ ምእመናን ይበዛሉ፣ በዚህም የተነሣ መገንጠያው ላይ መጓጓዣ በቀላሉ ይገኛል፣ ሂሳቡም ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ይቀንሳል። ጸበል ጸዲቅም አይታጣም። ቅዳሴ እየተቀደሰ ፎቶ ማንሣት ግን ነውር ነው፤ ልጆቹን አስቀድመው ይምከሯቸው።

ከስልጤ፦

ሁሉም የጻፉት ስለ ጥንት ነው፤ እኔ ደግሞ ለልጆቹ ልሟገት። ሌላ ጊዜ ቡታጅራ የማደር ዕድል ካገኙ ሐረ ሸይጣንን ያሳዩዋቸው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ ነው፣ ከቡታጅራ ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ የወረወረ ሁሉ ውኃው ውስጥ መክተት አይችልም ይባላል፤ ሐይቁ ከላይ ሲያዩት ቅርብ ስለሚመስል ማንም ሰው ሳይሞክር አያልፍም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስወረውር ኖሬ አንድ ጊዜ እንኳ ውኃው ሲረጭ አላየሁም። አፋፉ አጥር የለውም፣ አፈሩም ይንሸራተታል፤ ትንሹን እጁን ሳይለቁ ያስወርውሩት።

ለምሳ ደግሞ ክትፎ ቤት ሁሉ ውድ ነው ብለው አይሽሹ። ጎመን ክትፎ በአይብና በቆጮ ቢያዙ ከሥጋው ክትፎ በጣም ባነሰ ዋጋ አምስታችሁም ትጠግባላችሁ።

የሂሳብ መምህሩ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከዓለም ገና ተነሥተን በመጀመሪያ ጢያን፣ ስንመለስ መልካ ቁንጡሬን ለማየት ወስነናል። ምሳ ከቤት ዳቦና የተቀቀለ ድንች እንይዛለን። ለእናቴ የወለተ ማርያምን ምክር አንብቤላቸው «እኔ ከልጆቹ ጋር ድንጋይ ልቆጥር አልሄድም፣ በ21 ውሰደኝ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ለእርሳቸው መቋሚያ አለን። ከዚያ ሌላ ምን ልያዝላቸው?

ወለተ ማርያም፦

ጫማ ተወልቆ ስለሚገባና አለቱ በጠዋት እግር ስለሚያቀዘቅዝ ወፍራም ካልሲ ይያዙላቸው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የስልክዎ ባትሪ እንዳያልቅ ከመግባትዎ በፊት ያረጋግጡ፣ ወይም ጧፍ ይግዙ፤ ጧፉ ለእናትዎ ይሻላቸዋል።