የቀርከሃ ደጋን ተሰጠኝ፤ ጅማቱን በየት በኩል ልሰር?

ማሂ፣ ፉኩኦካ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቴ የነበሩ ጃፓናዊ ሽማግሌ ቤት ሲለቁ የቀርከሃ ደጋን ሰጡኝ። ከበሩ ስለሚረዝም አጋድሜ ነው ያስገባሁት። ጅማት የለውም። አዲስ ገዝቼ በጎበጠበት በኩል ላስርለት ስል ግን ነገሩ አላማረኝም። ቆዳ የተጠቀለለበት መያዣው ከመሀል ወርዶ ወደ ታች ነው ያለው። ተቆርጦ ይሆን እንዴ?

ዒላማ፦
እህቴ፣ እባክሽ ጅማቱን አስቀምጪው! ወደ ኋላ መጉበጡ ጤነኛ ነው። ጅማቱ የሚታሰረው ከጉብጠቱ በተቃራኒ ተለምጦ ነው፤ ጉልበቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በጎበጠበት በኩል ካሰርሽው አበላሸሽው።

እኔ ኪዩዶ (የጃፓን የቀስት ውርወራ) ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አንዴ ሚያዛኪ ውስጥ ሚያኮኖጆ ሄጄ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። አብዛኛው የጃፓን የቀርከሃ ደጋን የሚወጣው ከዚያች ከተማ ነው። ከፊትና ከኋላ የቀርከሃ ስንጥቅ፣ መሀሉ ላይ እሳት የነካቸው ቀጫጭን ስንጥሮች፣ ጎንና ጎኑ እንጨት። ሙጫ ይቀባና በገመድ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ በገመዱና በደጋኑ መሀል የቀርከሃ ሽብልቅ በመዶሻ መምታት ነው። ወደ መቶ ይደርሳል። አንዱ ሽብልቅ በገባ ቁጥር ያ ቀጥ ያለ ነገር ትንሽ ይለመጣል። ሙጫው ሳይደርቅ መጨረስ አለባቸው፤ ሰውዬው ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። አንቺ የምታዪው ጉብጠት ያኔ የያዘው ነው።

ሶል፣ ዲሲ፦
እማዬ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን አንድ የጎበጠ እንጨት ነበር፣ አለቀ። ይሄ ሁሉ ጣጣ! የመያዣው ነገር ግን ፈረስ ላይ ሆኖ ለመተኮስ እንዲመች ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ዒላማ፦
ሶል፣ እሱን ሁሉም ይለዋል፤ እኔን ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቻይና ታሪክ የጃፓኖቹ ደጋን ከታች አጭር፣ ከላይ ረጅም እንደሆነ ይናገራል። ፈረስ ላይ ሆኖ መዋጋት እዚያ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማሂ፣ አልተቆረጠም። የተለመደው ቁመት 2 ሜትር ከ21 ነው፤ መያዣው ከታች አንድ ሦስተኛው አካባቢ ይውላል። ለክተሽ እይው። ብዙ ዓመት ጅማት ሳይታሰርበት ከቆየ ግን ራስሽ አትለምጪው፣ የኪዩዶ ዕቃ ሱቅ ውሰጂው። ከሙቀትም አርቂው። የድሮው ሙጫ ከአጋዘን ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው፤ ሙቀት አይወድም።

ማሂ፣ ፉኩኦካ፦
ለካሁት፣ 2 ሜትር ከ21 ልክ! ኧረ ተባረክ። ማሞቂያው አጠገብ ነበር ያቆምኩት፤ አሁን አነሳሁት።