ቀለሃ መከርከም የግድ ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው ኮሎራዶ ነው፣ ለኤልክ (ትልቅ አጋዘን) አደን የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ጠመንጃ ይዣለሁ። ሪሎዲንግ (የተተኮሰ ቀለሃን መልሶ መሙላት) ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። ሁለቴ የተተኮሱ 50 ቀለሃዎች በካሊፐር ስለካ ሁሉም ከ2.015 ኢንች በታች ነበሩ፣ ሳይዝ ካደረግኳቸው (ዳይ በሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ጨምቄ ወደ ልካቸው ከመለስኳቸው) በኋላ ስለካ ግን 12ቱ አልፈዋል! ምን አበላሸሁ? ካልከረከምኩስ ምን ይመጣል? ጠመንጃው ውስጥ እንደሆነ ይገባሉ፣ መዝጊያውም ይዘጋል።

የድሮ አዳኝ፦
ምንም አላበላሸህም ወንድሜ። ሲተኮስ ነሐሱ ወደ ጎን ይነፋል፣ ዳዩ መልሶ ሲጨምቀው መሄጃ ያጣና ወደ አንገቱ ይረዝማል። ስለዚህ ቀለሃ የሚለካው ከሳይዝ በኋላ ነው፣ የበፊቱን ቁጥር እርሳው። ጣሪያው 2.015 ነው፣ ስትከረክም 2.005 ላይ አድርሰው። «መዝጊያው ይዘጋል» ባልከው ግን አትታለል። መዝጊያ ጉልበት አለው፣ ሳይሰማህ ይዘጋል። የረዘመው አንገት ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚገባበት የበርሜል ክፍል) ጫፍ ጋር ይላተምና አረሩን ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ ስትተኩስ አረሩ ቶሎ አይለቅም፣ ግፊቱም ከልክ በላይ ይወጣል። ቀልድ አይደለም።

ባሩድ፦
እኔ እንኳ 12ቱን ብቻ ሳይሆን 50ዎቹንም እኩል አደርጋቸው ነበር፣ በኋላ ከመደናገር ያድናል። ከከረከምክ በኋላ አፉን ከውስጥም ከውጭም ለስለስ አድርገህ ሞርድ። መጀመሪያ ሰሞን ይሄን ረስቼ የአረሩን መዳብ እየላገ ሲያስገባው ቁጭ ብዬ አየሁ 😅 ብናኙንም አራግፍ።

የድሮ አዳኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከአንገቱ የቆረጥከው ነሐስ ከየት መጣ? ከቀለሃው ግድግዳ ነው። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፈህ ውስጡን ከታች ወደ ላይ ዳስስ፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ጎድጎድ ያለ ቀለበት ከያዘህ፣ ያ ቀለሃ ሊበጠስ ነው። በሁለተኛው ተኩስ ከታየ ደግሞ ዳዩ ትከሻውን (ከአንገቱ ሥር ያለውን ተዳፋት) ከመጠን በላይ እየገፋው ነው ማለት ነው። ለቦልት (መዝጊያው በእጅ ለሚሳብ) ጠመንጃ 0.002 ኢንች ያህል መግፋት ይበቃል።

ጀማሪው፦
ጋሼ፣ አሁን ሁሉንም ዳሰስኳቸው። ሦስቱ ላይ ሽቦው ያዝ አደረገኝ። ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ በፒንሳ ጨፍልቄ ጣልኳቸው፣ ዳዩንም ትንሽ ከፍ ላደርገው ነው። ትከሻውን የሚለካውን ዕቃ ግን ገና አልገዛሁም።

የድሮ አዳኝ፦
እንግዲያው ሳትገዛው ዳዩን አትንካ።