እናቴን ኡሉሩ ልወስዳት ነው፣ የምታውቁ ምከሩኝ

ጠያቂ (ሜልበርን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። በጁላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኡሉሩን ላሳያት አስቤያለሁ፣ ያንን መሀል አውስትራሊያ በረሃው ላይ ብቻውን የቆመውን ትልቅ ቀይ ድንጋይ። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም። ጊዜው ደግሞ የሰኔ ጾም ነው፣ ሐምሌ 5 ሳይፈታ ነው የምንሄደው፣ ምግቡን እንዴት ላድርግ? ትልቁ ልጄ ጫፉ ላይ ካልወጣሁ ብሏል። እማዬ በበኩሏ ቦታው ለአገሬው ሰው ቅዱስ ነው ሲባል ሰምታ «የሰው ደብር ሄደን እንዳንረግጥ» ብላ ሰግታለች። ምን ልበላት?

መልስ (አሊስ ስፕሪንግስ)፦ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። ከልጁ ልጀምር። መውጣት ከኦክቶበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ይያዙት የነበረው ሰንሰለትም ተነቅሏል። ምክንያቱን ቁጭ አድርገሽ ንገሪው፣ ይገባዋል። የመሬቱ ባለቤቶች አናንጉዎች ናቸው። መሬቱ በ1985 በዚያው በኦክቶበር 26 ተመለሰላቸው፣ እነሱም ለ99 ዓመት ለመንግሥት አከራይተው ፓርኩን አብረው ያስተዳድራሉ። መውጫው በእነሱ እምነት የጥንት አባቶቻቸው የሄዱበት መንገድ ነው። ስንት ዘመን እባካችሁ አትውጡ እያሉ ለመኑ። ሲወጡ የሞቱት ሰዎች ከ30 ይበልጣሉ፣ አናንጉዎች ደግሞ በምድራቸው እንግዳ ሲሞት ሐዘኑ የራሳቸው ነው።

ለእናትሽ ዙሪያውን በሙሉ አታስቢ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማላ መንገድ ደርሶ መልስ 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ሁሉ ይሄድበታል። ወደ ሙቲጁሉ የውሃ ጉድጓድ የሚወስደው የኩኒያ መንገድ ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እኔ ብሆን እሱን አስቀድማለሁ። ኩኒያ የምትባለው የዘንዶ ሴት ከመርዛማው እባብ ከሊሩ ጋር የተጣላችበትን ታሪክ አናንጉዎች ለእንግዳ የሚነግሩት እዚያ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስንጥቅ እያሳዩ። በጥላው ስር ውሃ አለ፣ እናትሽ አረፍ ይላሉ።

መልስ (አዴላይድ)፦ የእናትሽ ስጋት ደስ አለኝ፣ ብዙ ጎብኚ ያላሰበውን ነው ያሰቡት። እንዲህ በያቸው፦ ቅኔ ማህሌት ሁሉም ይገባል፣ መቅደስ ግን ለካህናት ነው፣ ኡሉሩም እንደዚያው ነው። መንገዶቹ ለእንግዳ የተፈቀዱ ናቸው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ኑ ይላሉ። አንዳንዱ ቦታ ግን የወንዶች ብቻ ወይም የሴቶች ብቻ ሥርዓት የሚፈጸምበት ነው፣ እዚያ ፎቶም ቪዲዮም ክልክል ነው። ምልክት ተተክሏል፣ ስልካችሁን ኪስ አድርጋችሁ እለፉ። ድሮንም አይፈቀድም። ልጆቹን ድንጋይና አሸዋ እንዳይወስዱ አደራ በያቸው፣ ወስደው የተጸጸቱ ሰዎች በፖስታ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር እስከ ዛሬ ይመልሳሉ።

መጀመሪያ ሄዳችሁ የባህል ማዕከሉን እዩ። ጁኩርፓ ስለሚሉት ሕጋቸውና እምነታቸው እዚያ ይነገራችኋል፣ ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

መልስ (ፐርዝ)፦ በረሃ ነው ብላችሁ ብርዱን እንዳትንቁት። በጁላይ ቀኑ ደስ ይላል፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ለእናትሽ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ያዢ። ምግብ አታስጨንቅሽ፦ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ሂጂ። ማደሪያ ስትይዢ ማብሰያ ያለው መሆኑን አረጋግጪ። የምታድሩት ዩላራ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ ከድንጋዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ፓርኩ ውስጥ ማደር ስለማይቻል። ሱፐርማርኬት አለ፣ ግን ዋጋው ይወደዳል።

በአሊስ ስፕሪንግስ በኩል በመኪና ከሆነ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ሲመሽ አትንዱ! ካንጋሮ፣ ከብትና ግመል አስፋልቱ ላይ ይቆማሉ። እናት ይዘሽ በአውሮፕላን ቀጥታ ዩላራ ብትወርዱ ይሻላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለእማዬ የመቅደሱን ነገር ነገርኳት፣ «እንግዲያው እንሂድ» አለች። ካታ ጁታ የሚባለውስ? ስንት ቀን ይበቃናል?

መልስ (አሊስ ስፕሪንግስ)፦ ሦስት ቀን ይበቃል፣ የመግቢያ ትኬቱም ለሦስት ቀን ነው የሚያገለግለው፣ ከ18 ዓመት በታች በነፃ ነው። ካታ ጁታ ከኡሉሩ በመኪና መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ 36 ክብ ክብ የድንጋይ ጉልላቶች ናቸው። እዚያ መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ለጉልበት አይሆንም። እናትሽ ከመመልከቻው ቁጭ ብለው ይዩት፣ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ግቢ።

የኡሉሩን የጀንበር መጥለቂያ አትለፉት። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው ያቀላው፣ ፀሐይ ስትወርድ ደግሞ ከብርቱካናማ ወደ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ እየሄደ ይጠቁራል። የመኪና ማቆሚያው ቶሎ ይሞላል፣ ስለዚህ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ለእናትሽም ታጣፊ ወንበር ያዢላቸው።