የጎንደር–ላሊበላ ቀጥታ በረራ ጥያቄ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ባለፈው እንደተባለው ቁጥር አስገብቻለሁ። ከጎንደር ላሊበላ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ግድም፣ 30 ደቂቃ። በቦሌ ሲዞር ግን ወደ አዲስ አበባ 420፣ ከዚያ ወደ ላሊበላ 330፣ ድምሩ 750 ነው። ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሳይቆጠር። ዓርብ ለአየር መንገዱ ስለሚገባ አስተያየት ያለው ዛሬ ይበል።

አስጎብኚ፣ ላሊበላ፦ 30 ደቂቃ የሚለው ይውጣ። 40 ነው።

ሆቴል፣ ጎንደር፦ ከምን ተነስተህ? አውሮፕላኑ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። 180 ለሱ ምኑ ነው?

አስጎብኚ፣ ላሊበላ፦ በሩ ከተዘጋ ጀምረህ ቁጠር እንጂ። መንደርደሩ፣ ዞሮ ማረፉ የት ሄደ? አብራሪዎች ፊት ነው የምንቀርበው። እዚህ ላይ ከተያዝን ሌላውንም አያምኑንም።

ሆቴል፣ ጎንደር፦ አንተ ከጎንደር የመጣ ሐሳብ መቼ ጥሞህ ያውቃል?

አስጎብኚ፣ ላሊበላ፦ እንዲህ አትበለኝ! ባለፈው ወር በጉና በኩል በመኪና የመጡት ሽማግሌ ጋሸና ላይ ወርደው ወገባቸውን ይዘው ቆመው ነበር። 300 ኪሎ ሜትር ግድም ተቀምጠው። በረራውን ከኔ በላይ የሚፈልገው የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱም ይጻፍ። አየር ላይ 30፣ የአውሮፕላኑ በር ከተዘጋ እስኪከፈት 40። ይልቅ የመንገደኛ ቁጥር እሰበስባለሁ ያለው ልጅ የት ደረሰ? ስልኩም አይነሳም።

ሆቴል፣ ጎንደር፦ ይሁን፣ በቃኝ። ተናድጄ ነው፣ ወንድሜ።

ሹፌር፣ ላሊበላ፦ የመሬቱን ጊዜ ማን ጻፈው? አየር ማረፊያችን ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ያውም ሽቅብ። የጋራ ማመላለሻ ከሌለ እንግዳው ለብቻው ኮንትራት ይከፍላል።

ምግብ ቤት፣ ላሊበላ፦ ይኼ ይግባ። ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ብለን ከጠየቅን ወንበሩን ማን ይሞላዋል? ታኅሣሥ 29 ገና እኛ ጋ ነው፣ ጥር 11 ጥምቀት ጎንደር ነው። በመሐሉ ያለው ሰሞን ይበረርልን። አውሮፕላኑ ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፣ ያኔ አያንሰውም።

ገንዘብ ያዥ፦ እደግፋለሁ። ለዚያ የመንገደኛ ቁጥርም ብዙ አያስፈልገንም።

ሆቴል፣ ጎንደር፦ ቆይ፣ ቋሚው በረራ የት ገባ? መዋጮ የከፈልነው ለሱ ነው። ድሮ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር እየተዞረ ይበረር ነበር። የጠየቅነው ያንን ነው!

ሰብሳቢ፦ ቋሚው በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «ወደፊት» ተብሎ ይገባል። ርዕሱ «የገናና የጥምቀት ሰሞን በረራ እና የአየር ማረፊያ ማመላለሻ» ሆኗል። የሚኒባስ ዋጋ አጣርቶ እስከ ሐሙስ የሚያመጣ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።

ሹፌር፣ ላሊበላ፦ እኔ እስከ እሑድ ፊልድ ነኝ።

ሰብሳቢ፦ ሌላ ሰው?