ሲፕሮ እማዬ ላይ አልሰራም፣ ምንድነው ነገሩ?

ሰላም የድሬ ልጆች፣ እማዬን ሽንት ሲያቃጥላት ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ሲፕሮ (ባክቴሪያ የሚያጠፋ አንቲባዮቲክ) ገዛሁላት፣ በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብላ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብላ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከወር በኋላ ብርድ ብርድ እያላት ተመለሰባት፣ የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚያይ ምርመራ) ተሰርቶ ውጤቱ ላይ ሲፕሮ ፊት ለፊት ሬዚስታንት (መድሃኒቱ አይበግረውም) ይላል፣ ሐኪሙ መርፌ ነው ያዘዘው። ሰውነቷ ለመደው ማለት ነው?

— አቦ ሰውነቷ አይደለም የለመደው፣ ባክቴሪያው ነው! እኔ ሐረር ላብ ነው የምሰራው። ሳህን ላይ ባክቴሪያውን እንቀባና መድሃኒት ያለባት ትንሽ ክብ ወረቀት እናስቀምጣለን፣ በማግስቱ መድሃኒቱ ከሰራ ዙሪያዋ ጥርት ይላል፣ ካልሰራ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ በቅሎ ታገኘዋለህ። ስላቋረጠች ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም፣ ቀድሞም ሬዚስታንት የሆነው ይዟት ሊሆን ይችላል፣ ባክቴሪያ ጂኑን ለጎረቤቱ ያቀብላል እኮ፣ ልክ እንደኛ ሰፈር ወሬ 😂

— ሳይንቲስቱ ፍሌሚንግ ራሱ የመጀመሪያዎቹ አንቲባዮቲኮች አንዱ የሆነውን ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 አግኝቶ በ1945 ኖቤል ሲቀበል አሳንሳችሁ ከወሰዳችሁት ባክቴሪያው ይለምዳል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፣ ማን ሰማው

— እኔማ ለጉንፋን ሁሉ አሞክሳሲሊን ነበር የምውጠው፣ ለካ አንቲባዮቲክ ጉንፋን የሚያመጣውን ቫይረስ አይነካም። ወንድሜ መርፌውን ሳታቋርጡ ጨርሱ፣ ያንን የተረፈውን ሲፕሮ ደግሞ ለማንም እንዳትሰጡ

— እሺ አመሰግናለሁ። ሲፕሮውን ግን ጎረቤታችን እትዬ ለጥርሴ ብለው ትናንት ወስደውታል 🙈