በክረምት የጠቆረብኝ የጓሮ ቲማቲም፦ ልንቀለው ወይስ ልታገሥ?

ጥያቄ፦ ከአያት፣ አዲስ አበባ (ነሐሴ 3)

ጤና ይስጥልኝ። ከቤቴ ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የምትሆን መደብ አዘጋጅቼ ግንቦት 20 ቀን 24 የቲማቲም ችግኝ ተከልሁ። ችግኙን የገዛሁት ከመንገድ ዳር ሲሆን፣ ሻጩ ዝርያው ሮማ ነው ብሎኛል። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ልምላሜው ለዓይን የሚያሳሳ ነበርና ለፍልሰታ ጾም ከራሴ ጓሮ ቆርጬ ስልስ እሠራለሁ ብዬ ለእህቶቼ ሳይቀር አውርቼ ነበር።

ከሐምሌ 20 ወዲህ ግን በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ውኃ የነካው ወረቀት የመሰለ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ መታየት ጀመረ፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥም ወደ ቡናማነት ተለውጦ ቅጠሉን ሙሉ ለሙሉ በላው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጬ ስመለከተው፣ በቁስሉ ዙሪያ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር አያለሁ። ግንዱም በየቦታው ጠቁሯል። እንቁላል ያህል የደረሱት አረንጓዴ ፍሬዎች ደግሞ ከእንብርታቸው በኩል ሳይሆን ከላይ፣ ከዘንጋቸው አጠገብ ጀምረው ቅባት እንደ ጠጣ ቆዳ ቡናማ እየሆኑ ነው፤ ስጫናቸው ግን ጠንካሮች ናቸው።

አንዲት ጎረቤቴ «ምች ነው የመታው» አሉኝ። ሌላው ውኃ አንሶት ነው ስላለኝ በዚያ ሁሉ ዝናብ ላይ ማታ ማታ በጎማ ቱቦ ከላይ አጠጣሁት፤ አመድም ነሰነስሁበት፤ ሁሉም አልጠቀመም። ምናልባት የሚያገናኘው ነገር ካለ ብዬ እንጂ፣ ከመደቡ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አምና ድንች ተክዬ ነበር፤ ቆፍሬ የጨረስሁት ቢመስለኝም ዘንድሮ አራት አምስት እግር ያህል በራሱ በቅሏል። ከዚያው አጠገብ ያለው ቆስጣ ምንም አልሆነም፤ የሐበሻ ጎመኑ ግን ከቅጠሉ ሥር ግራጫ ክሽክሽ ወሮታል።

ቲማቲሙ የሚድንበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ፣ ከሌለም ፍሬው ይበላ እንደሆነ፣ የተነቀለውን ወደ ብስባሽ ጉድጓዴ መጨመር እችል እንደሆነና መደቡ ላይ ቀጥሎ ምን ብተክል እንደሚሻል ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን

እኛ ዘንድ ይህ በሽታ በድንች ላይ በየክረምቱ የሚመጣ ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ደመናና ካፊያ ከሆነ ማሳው በአራት ቀን ውስጥ የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ማንኮዜብ ያለበትን መድኃኒት ገዝተው በየሳምንቱ ይርጩት። እኔ በድንቼ ላይ ምልክቱ ሳይታይ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሬ ስለምረጭ ብዙ ጊዜ እተርፋለሁ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የግብርና ባለሙያ፣ ሆለታ

እመቤቴ፣ ምልክቱን እንዲህ አጥርተው ስለ ጻፉልን ለመገመት አላስቸገረንም። ያገኘዎት ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው፤ ድንችንና ቲማቲምን እኩል የሚያጠቃ፣ የአየርላንድን ድንች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ አውድሞ ሕዝቡን ለረኃብ የዳረገው ያው በሽታ ነው። ጎረቤትዎ ምች ማለታቸውም ከእውነቱ ብዙ አልራቀም፤ ሰውም ተክልም ድንገት ሲመታ የምንጠራበት ስም ነውና።

ለዚህ ግምቴ ዋናው ምክንያት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ያዩት ነጭ ነገር ነው። ያ የበሽታው ዘር ነው፤ ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓታት እርጥብ ሆኖ አየሩ ቀዝቀዝ ካለ፣ ማለትም የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ፣ ከአንዱ ቁስል ተነሥቶ በሌላው ቅጠል ላይ አዲስ ቁስል ለማውጣት ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃዋል። ቁስሉ በታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ላይ ብቻ ሆኖ እንደ ዒላማ ክብ በክብ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ሌላ በሽታ ነው እልዎት ነበር። የፍሬው ጉዳትም ከታች፣ አበባው ከረገፈበት በኩል ጠቁሮ የረገበ ቢሆን፣ ነገሩ በሽታ ሳይሆን ውኃ አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ሲጠፋ ካልሲየም ፍሬው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ የሚመጣ ጉድለት ይሆን ነበር። የእርስዎ ግን ከላይ የጀመረ፣ ቡናማና ጠንካራ ነው።

የደብረ ብርሃኑ ወንድማችን ያሉት ለድንች ማሳ ትክክል ነው፤ ቁም ነገሩም «ምልክቱ ሳይታይ» ያሉት ላይ ነው። ማንኮዜብ የሚከላከለው በሽታው ወደ ቅጠሉ ከመግባቱ በፊት ሲሆን፣ ግንዱ ከጠቆረ በኋላ ቢረጩት ገንዘብዎን ከማጥፋትና ልጆች የሚጫወቱበትን ጓሮ ከመበከል በቀር የሚያተርፍልዎ ነገር የለም። አንድ ሰው መርጨቱን ከመረጠ ግን በጓንትና በአፍ መሸፈኛ ሆኖ፣ በመለያው ላይ ከርጭት እስከ መልቀም ይቆይ የተባለውን ቀን ሳይሸራርፍ መጠበቅ አለበት፤ እኔ ብዙ ሰው ዛሬ ረጭቶ ነገ ሲለቅም አይቻለሁ።

ስለዚህ ይንቀሉት፤ ዛሬ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ። ከሁሉ በፊት ግን እነዚያን በራሳቸው የበቀሉትን ድንቾች ከነሥራቸው ያውጡ። ይህ በሽታ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው የሚሻገረው በአብዛኛው በሕያው ተክል ላይ ነው፤ አፈር ውስጥ የቀረ አንድ የታመመ ድንችና ማንም ልብ ሳይለው በአጥር ሥር የቆመ ወፍ ዘራሽ ቲማቲም ለእሱ ቤቶቹ ናቸው። መነሻው የእርስዎ ድንች ነው ብዬ አልምልም፤ ዘሩ በነፋስ ከሩቅም ይመጣል። ቢሆንም ቤቱን ማፍረስ ነው።

የተነቀለውን ወደ ብስባሽ አይጨምሩ፤ የጓሮ ብስባሽ በሽታውን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይ ሁልጊዜ አይደርስም፣ የታመመውም ፍሬ እዚያ ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል። በክረምት እርጥብ ግንድ አቃጥላለሁ ብሎ መድከምም ትርፉ ጢስ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረው ይቅበሩት፤ ቦታ ከሌለዎት በላስቲክ ከረጢት አጥብቀው አስረው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይስጡት። ምንም ነጠብጣብ የሌለባቸውን ፍሬዎች ለቅመው፣ አጥበውና በደንብ አድርቀው፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ በጋዜጣ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ያስቀምጡ፤ አንዳንዶቹ ይቀላሉ። በየቀኑ ግን ይፈትሿቸው፤ ጤነኛ የመሰለው ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

አፈሩን አይፍሩት። ቀጥሎ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት ወይም ነጭ ሽንኩርት ይሂድበት። ቃሪያና በርበሬ በዚህ በሽታ እምብዛም ባይጠቁም የቲማቲም ዘመዶች ስለ ሆኑና ሌሎች የጋራ በሽታዎች ስላሏቸው፣ በዚያው መደብ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ቢዘገዩ እመርጣለሁ።

ስለ ዝርያውም አንድ ነገር ላክል። በገበያ የሚገኘው ሮማ ብዙውን ጊዜ ሮማ ቪ ኤፍ የሚባለው ነው፤ መጨረሻ ያሉት ሁለቱ ፊደላት ቬርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን ከአፈር የሚነሡ አጠውላጊ በሽታዎች ይቋቋማል ለማለት የገቡ ናቸው። ሻጮች «በሽታ አይነካውም» እያሉ ይሸጡታል፤ ሌት ብላይት ግን ይነካዋል።

መልስ፦ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ

እኔ ሁለት ክረምት ከስሬ በሦስተኛው ስለ ተሳካልኝ ልምዴን ላካፍል። በመጀመሪያው ክረምት እንደ እርስዎ አደረግሁ። በሁለተኛው ላስቲክ ገዝቼ መደቡን ከላይም ከጎንም ሸፈንሁት፤ ሌሊት የተጠራቀመው እንፋሎት ላስቲኩ ላይ ላብ ሆኖ ጠዋት ቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ዝናብ ከሚመታው በምን እንደሚሻል እስኪጠፋኝ ድረስ ሁሉም አለቀ። በሦስተኛው አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክዬ ላስቲኩን ከላይ ብቻ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ ወጠርሁት፤ ጎኖቹን ክፍት ተውኋቸው። ውኃውን ከላይ ማፍሰሱንም ትቼ በእያንዳንዱ እግር ሥር ክዳኑን በመርፌ የበሳሁትን ሃይላንድ ዘቅዝቄ ቀበርሁና ቂጡን ቆርጬ በዚያ በኩል መሙላት ጀመርሁ። ሁለት ቀዳዳ ይበቃል፤ አምስት ሲሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶውን ያገኙታል።

ሌላው ያስተዋልሁት የእርስዎ መደብ መጨናነቁን ነው። አራት ካሬ ሜትር ላይ 24 እግር ማለት በአንድ ካሬ ስድስት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ዝናቡ ቢያባራ እንኳ ቅጠሉ እስከ እኩለ ቀን አይደርቅም። እኔ በዚያው ስፋት ላይ ስምንት ብቻ ነው የምተክለው፤ እያንዳንዱን በእንጨት ደግፌ፣ እስከ ጉልበቴ ድረስ ያለውን የታች ቅጠል እቆርጣለሁ። ስምንቱ ከሃያ አራቱ የበለጠ ሰጥተውኛል።

መልስ፦ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

እዚህም ያው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ክረምቱ፣ ማለትም የእነሱ በጋ፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ ሆኖ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ይኸው በሽታ በሰፊው ሲዛመት፣ ለመስፋፋቱ ትልቅ ምክንያት የሆነው በትልልቅ መደብሮች ለጓሮ አትክልተኞች የተሸጠው የታመመ ችግኝ ነበር። በዚያ ዓመት እኔም መደቤን ሙሉ ነቅያለሁ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገውን ችግኝ በመስኮቴ ሥር ራሴ አፈላለሁ፤ የምገዛ ከሆነም የእያንዳንዱን ቅጠል ጀርባ ሳላይ አልከፍልም። መቼም ሻጩ ደስ አይለውም።

መልስ፦ ከሰበታ

ልጄ፣ ስለ ጎመንሽ ማንም ስላልመለሰልሽ ነው የጻፍሁት። ክሽክሹ ገና ጥቂት ሲሆን ቅጠሉን ገልብጠሽ በውኃ ግፊት እጠቢው፤ ብዙ የወረረውን ቅጠል ቆርጠሽ ለዶሮ ስጪ። የቀረውን በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ፣ ፀሐይ ሲበርድ ከቅጠሉ ሥር እርጪ፤ በማግስቱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። በሳምንቱ ድገሚው፤ አንድ ጊዜ ረጭተሽ አልሞተም ብለሽ አትተዪው። አመድም ለዚህ ይረዳል፤ ነገር ግን በክረምት ነስንሰሽ ዞር ሳትዪ ዝናቡ ያጥበዋል። ባለ ነጠብጣቧን ቀይ ጥንዚዛ ካየሽ እንዳትገድያት፤ ክሽክሽ በሊታ ናት። በክረምት ጎመንና ቆስጣ ላይ በርቺ፤ ጎመን በጤና ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ (ነሐሴ 6)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ሃያ አራቱንም ነቅዬ ቀበርኋቸው። ድንቾቹን ስቆፍር ጨረስሁት ባልሁት ቦታ ላይ ዘጠኝ ድንች አገኘሁ፤ ሁለቱን ስሰነጥቃቸው ከልጣጩ ሥር የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ ሆነው ነበር። ደህና የሚመስሉ 31 አረንጓዴ ቲማቲሞችን ጠቅልዬ በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጎመኑንም አጥቤያለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ቲማቲሙን እንደገና የምሞክረው መቼ ነው የሚለው ነው።

መልስ፦ የሆለታው ባለሙያ

ዘሩን በመስከረም አጋማሽ ያፍሉ፤ ችግኙ 45 ቀን ገደማ ሲሞላው፣ ኅዳር ሲገባ ወደ መደብ ያዛውሩታል። ያኔ ዝናቡ ስለሚያልፍ ይህ በሽታ ጉልበቱ ይደክማል፤ በምትኩ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አለ፤ ቲማቲም ሌሊቱ በጣም ከቀዘቀዘ አበባው ይረግፋል፣ ውርጭ ከወረደም ቅጠሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ግድግዳው ቀን ሙቀት ይዞ ሌሊት እንዲመልስለት ፀሐይ የሚያገኘውን የቤትዎን ግንብ ተጠግተው ይትከሉ፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ማታም በጆንያ ይሸፍኑትና ጠዋት ይግለጡት። ሥሩን በደረቅ ሣር ይጎዝጉዙለት። ቆላ ላይ በሦስት ወር የሚደርሰው እርስዎ ዘንድ ስለሚዘገይ የመጀመሪያውን ፍሬ በየካቲት ይጠብቁ። ለዐቢይ ጾም ሳይደርስልዎ አይቀርም።

የጠያቂዋ ምላሽ (ነሐሴ 19)

ከ31 ፍሬዎች 12ቱ ቀሉ፤ የቀሩት በሰባት ቀን ውስጥ ጠቆሩና ጣልኋቸው። ፍልሰታ ስለ ተፈታ ስልሱን የሠራሁት ከእንቁላል ጋር ነው። መደቡ ላይ ቆስጣና ሰላጣ ዘርቻለሁ፤ ከግንቡ ሥር ያለውን ቦታም ለስምንት እግር በሚበቃ ልክ እየኮተኮትሁ ነው። ሃይላንዶቹን ጎረቤቶቼ እያጠራቀሙልኝ ነው፤ እስካሁን አምስት ደርሰዋል።