«አይዝግም» የተባልኩት እስቲል ዛገብኝ

እባካችሁ መላ በሉኝ። ፒያሳ ያለችው ካፌዬ በረንዳ ላይ የእስቲል መደገፊያ አሠርቼ ነበር። ሠሪው «ዕድሜ ልክ አይዝግም» ብሎ ምሎልኛል። ክረምቱ ሳይወጣ ብየዳው አካባቢ ቡናማ ነጠብጣብ ጀመረው። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት፣ በበረኪና አጠብኩት። ጭራሽ ባሰበት! ለካ የሽቦው ብናኝ እላዩ ላይ ቀርቶ ይዝጋል። በረኪናው ደግሞ እስቲሉን የሚጠብቀውን ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይጎዳል። ለጀልባ 316 የሚባለው የእስቲል ዓይነት የሚመረጠው ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለበት፣ ጨውን ስለሚቋቋም ነው። የኔ ጣጣ ግን ባሕር የለበትም፤ ዝናብና በረኪና ብቻ!

አሁን ብየዳውን በምን ላጽዳው? ሲትሪክ አሲድ የሞከራችሁ፣ ስንት ግራም በሊትር? ለስንት ደቂቃ? መርካቶ የብየዳ ማጽጃ ቅባት ያያችሁም ጠቁሙኝ። «ቀለም ቀባው» የምትሉ ግን ተዉኝ፣ እሱን ጎረቤቴም ብሎኛል።